ቀበሮው የያዘው ቁጥር

«ገና ጨዋታ አይደለም፣ ድብድብ ነው!» አለች የጎረቤታችን ልጅ። «በዱላ ተፈነካክታችሁ፣ በማግስቱ ራሳችሁን በሻሽ አስራችሁ ስትመጡ ‹ተጫወትን› የምትሉት እናንተ የኮሶዬ ሰዎች ብቻ ናችሁ።»

«ምነው? አንቺን ማን ፈነከተሽ?» አለ የአክስቴ ልጅ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም? ጌታና ሎሌ እኩል የሚሮጡበት ሌላ ምን ጨዋታ አለ? እስቲ ጥሪ!»

«ገበጣ። ጌታም ሎሌም እኩል ቁጭ ይላሉ።»

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሦስታችንም ባላንጣዎች ነበርን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ቤታችን። እናቴ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ቀርታለች። እኛ የምንሟገተው፣ በዓለም ካሉት ጨዋታዎች ሁሉ የትኛው አንደኛ እንደሆነ ነው። ሙግቱ የዚያን ቀን የተጀመረ አልነበረም። ያቋቋመው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሕጉንም ያወጣው እሱ። ተሟጋች እንደ ድሮ ሰው ተነሥቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ «በላ ልበልህ!» ብሎ ይጀምራል። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ያላሸነፈበትን ጨዋታ ይዞ መቆም ክልክል ነው። ቃል ያጣ ይረታል፤ የተረታ ጨዋታውን ከደረጃ ያወርዳል፣ ሻይ ያፈላል።

ወንድሜ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዳኛም ተሟጋችም ይሆን ነበር። ለራሱ ይፈርዳል፤ እኛ እንጮሃለን፤ ይግባኝ የሚባልበት የለም። መጨረሻ ባስቀመጠው ደረጃ ቀበሮው አንደኛ፣ ገበጣ ሁለተኛ፣ እኔ ነፍሴን የምሰጥለት ጆተኒ ሦስተኛ፣ ገና አራተኛ፣ ዳማ አምስተኛ ነበር። ካርታን ከነጭራሹ ደረጃ ከልክሎታል። «ቀበሌ የሚጠላውን ጨዋታ አንደኛ ብንለው ምን ሊሉን ነው?» ይል ነበር እየሳቀ።

ቀበሮው የሲጋራ ፓኮ የምታክል፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ የጨዋታ ዕቃ ናት። ሩሲያ ተምሮ የመጣ አንድ ሐኪም፣ ቤት ሲቀይር ወንድሜ ዕቃውን ተሸክሞለት፣ በዚያ ምክንያት የተሰጠችው ናት። ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻልን እኛው ስም አወጣንላት። መስተዋቷ ላይ በአራት ማዕዘን አራት ዶሮዎች ተቀምጠው እንቁላል ይጥላሉ፤ መሐል የቆመው ቀበሮ በቅርጫት ይቀልባል። አራት ቁልፎች አሉት፤ የትኛው እንቁላል እንደሚወድቅ አይቶ ቅርጫቱን ወደዚያ ማዞር ነው። የተቀለበ በቁጥር ይያዛል። ሦስት ከተሰበረ አለቀ። እንቁላሉ መጀመሪያ ላይ ቀስ እያለ ይንከባለላል፤ በኋላ እንደ በረዶ ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ከኮሶዬ መጥቶ መጀመሪያ ያየው ዕለት ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀ። «ቀበሮ የዶሮ ጠባቂ ሁኖ! ይኼን የሠራው ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም።»

የሐኪሙ ልጅ ለወንድሜ አንድ ነገር ነግሮት ነበር፤ ሺህ የደረሰ ሰው መስተዋቱ ላይ ሲኒማ ይታየዋል። ወንድሜ ይህን አምኖ ኖረ። የደረሰው ስድስት መቶ አርባ ሁለት ነው። ከዚያ ሳያልፍ ቀበሌው ስሙን ጠራ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከአዘዞ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። የሄደ ዕለት ጠዋት ቀበሮውን ለእናታችን ሰጣት። «ይቺን ቁልፍ ተጫኛት» አላት፣ ጣቷን ይዞ እያስነካት። «ከሁሉ የበለጠው ቁጥር ይወጣል። የኔ ነው። ሌላ ሰው እስኪያልፈኝ አይጠፋም።»

እናቴ ፊደል እስከ መጨረሻው አልዘለቀችም፤ ቁጥር ግን በመሠረተ ትምህርት አንድ በአንድ ለቅማ ይዛለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ራት ሳይቀርብ ቀበሮውን ከሳጥኗ ታወጣለች፣ ቁልፏን ትጫናለች። «ስድስት። አራት። ሁለት።» ትላለች፣ እንደ ተማሪ እየለየች። ከዚያ ለመስተዋቱ «በል፣ ደህና እደር» ብላ መልሳ ትቆልፍበታለች። ከወንድሜ ምንም ወሬ አልነበረም። ራዲዮው ስለ ጦሩ ሲያወራ ትቆምና ትሰማለች፤ ራዲዮው ግን ስሙን አያውቀውም።

ስለዚህ ቀበሮውን የሚጫወት አልነበረም። እሁድ እሁድ ግን በእናቴ ፈቃድ ለሙግቱ እንደ ምስክር ከሳጥኑ አውጥተን በወንድሜ ባዶ በርጩማ ላይ እናስቀምጠዋለን። የሱን ነገር ይዤ የምሟገት እኔ ነኝ፤ ወኪል አድርጎኛል። ጠበቃ ከልቡ ሌላ እንደሚናገር ያኔ ነው የተማርኩት። ልቤ ፒያሳ ጆተኒው ጋ ነበር፤ አፌ ለቀበሮው ይከራከራል።

የዚያን ዕለት መጀመሪያ ቃል ያጣው የአክስቴ ልጅ ነው። የጎረቤታችን ልጅ «ገና በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሦስት መቶ ምናምን ቀን ምን ትጫወታለህ?» ብላ ያዘችው። «እጠብቃለኋ!» አለ። «መጠበቅ ጨዋታ ነው?» አለችው። ለካ ነገሩ ከገናም ያለፈ ነበር፤ እሷም ራሷ ከተናገረችው በኋላ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። የአክስቴ ልጅ «እሺ፣ ተረታሁ፣ ሻዩን ላፍላ» ብሎ ተነሣ። በራችን ወርዶ ወለሉን ስለሚፍቅ፣ ሲከፍተው እንደ ልማዱ ጮኸ። ያን በር ከፍ አድርጎ መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል፤ ዘመድ ቢሆንም የአክስቴ ልጅ ገና አልለመደውም።

እኔ አደገደግሁ።

«በላ ልበልሽ!
ገና በዓመት አንዴ፣ ገበጣ በክረምት፤
የኔው ግን በኪስ ነው፣ የማያውቅ ዕረፍት።»

ግጥሙን ሌሊቱን ሙሉ ሳብሰለስለው አድሬ ነበር፤ ትንሽ ጭብጨባ ጠበቅሁ።

«ዕረፍት የማያውቀው ድንጋዩ ሲያልቅ ያርፋል» አለች። «ባለፈው እሁድ እንኳ ቀበሮህ ጥላ መስሎ ነበር።»

እውነቷን ነበር። የቀበሮው ድንጋይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነበረች፤ ሁለት ናቸው። ፒያሳ ያለው ሰዓት ሠሪ አይቷት «አስመራም አትገኝም» ብሎኛል። መስተዋቱ ከሳምንት ሳምንት እየደበዘዘ ነበር።

«ድንጋይ ያልቃል፣ ጠጠር አያልቅም፤ ይኼ ነው ክርክርሽ?»

«ክርክሬ ሌላ ነው።» ተነሥታ አልቆመችም፤ ሕጉን ትንቅ ነበር። «ቀበሮህን አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይጫወተዋል። ጠርተኸው አይሰማህም። ገበጣ ስትጫወት ግን ፊት ለፊትህ ሰው አለ። እጁን ታያለህ። ጠጠሩን ጨብጦ ሲያስብ ታያለህ። ጨዋታ ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይደለም።»

ይህን የምትለው ለኔ አለመሆኑን ለማወቅ ብዙ ብልህነት አይጠይቅም ነበር፤ እኔ ግን መልስ በመፈለግ ተጠምጄ አላየሁትም። ስለ ዓይኔ ማየት ብዙ የምመካ ሰው ነኝ።

እንዲህ ስንመላለስ ብዙ ቆየንና በሩ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ሻይ አልያዘም። በሁለት መዳፉ እንደ ጫጩት አቅፎ የያዘው ቀበሮውን ነው። ሲወጣ ከበርጩማው አንሥቶት እንደነበር በክርክራችን መሐል አላስተዋልንም።

«እዩት እስቲ! እንዴት ሸጋ ሁኗል!»

እውነትም ቀበሮው ጠቁሯል፣ ዶሮዎቹም ጎልተዋል።

«ምን አደረግኸው?»

«ድንጋዮቹ ደክመዋል ስትሉ ሰንብታችኋል። በቢላ ጫፍ ጀርባውን ከፍቼ አወጣሁና ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አሞቅኋቸው። ለእትዬ ማታ ስታየው እንዲደምቅላት ብዬ ነው።»

በኛ አገር የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ የማያሰጣ ሰው የለም። በየግቢው በርበሬ በተሰጣበት ሰፌድ ዳር ድንጋይ ተደርድሮ ታያለህ። ደግሞም ይሠራል፤ ራዲዮ አንድ ሁለት ቀን ይጮሃል። ነገር ግን ራዲዮ የሚያስታውሰው ነገር የለውም።

ከሁላችን ቀድማ የነቃች የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከእጁ ነጠቀችውና የቁጥሩን ቁልፍ ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ፊቷ ምን እንደሆነ ሳይ ቀበሮውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ቢሆንም አየሁት። መስተዋቱ ጥግ ላይ አንዲት ዜሮ ቆማለች፤ ጥርት ብላ፣ ደምቃ።

«ምነው?» አለ የአክስቴ ልጅ። «ምን ሆነ?»

«ቁጥሩ ጠፋ» አልኩት። «ድንጋዩ ሲወጣ ይረሳል።»

ትልቅ ሰው የሚያክል ልጅ ነው፤ ከበሬ ጋር የሚታገል። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «የአያን ቁጥር?» አለ። ወንድሜን አያ ነበር የሚለው። «እኔ በጄ የአያን ቁጥር? በል እኔ ወደ ኮሶዬ እሄዳለሁ። እትዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ቁጭ በል!» አልኩት። «ቁጥር አይደል? ተጫውተን እንመልሰዋለን። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ላይ ስንደርስ ሦስት እንሰብራለን፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

ሰንበቴ ሲበተን የሴቶቹ ድምፅ ከዳገቱ ይሰማል። ገና አልተሰማም። ቀበሮውን ተቀበልኩና ጀመርሁ። ለአንድ ዓመት ያህል የሱ ጠበቃ ሆኜ በግጥም ያወደስኩት ጨዋታ ሃምሳ እንኳ ሳልደርስ ጣለኝ። ደገምሁ፤ ባሰ። የአክስቴ ልጅ ሞከረ፤ አውራ ጣቱ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ይጫናል፤ ቀበሮው መሐል ላይ ግራ ገብቶት ቆሞ እንቁላሉ በግራና በቀኝ ይፈርጣል።

«አምጣው» አለች የጎረቤታችን ልጅ።

«አንቺ? አንቺኮ ትጠይዋለሽ።»

«ብጠላውስ? አምጣው አልኩህ!»

ብርሃን ወደሚገባበት፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ቀበሮውን ቀኝ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ጀመረች።

መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነበር። ሃምሳ፤ መቶ። አንድም አልሰበረችም። መቶ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረግ አደረገች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ሁለት መቶ ላይም እንዲሁ። እንቁላሎቹ መጣደፍ ጀመሩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ለራሷ የምታወራው ነገር አለ፤ አልሰማ አለኝና ጠጋ አልኩ።

«እናንተ ሴቶች፣ ቀስ በሉ እንጂ» ትላለች ለዶሮዎቹ። «ቀስ በሉ፣ ምን ያስቸኩላችኋል፣ ሁላችሁንም እቀልባችኋለሁ።»

ይህ የወንድሜ ንግግር ነው። ቃል በቃል። ጣት መጥረጉም የሱ ነው፤ እሱ በሱሪው ነበር የሚጠርግ።

የአክስቴ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። የውሃው ነገር ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ባለው በጋ፣ ከቦኖ ውሃ መቅዳት እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ «ጀሪካን ተሸካሚ» እያለ ሲስቅበት ቅር አይለውም። ጀሪካኑን ሞልቶ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወረፋ ነው ይለናል። ወረፋው ላይ ማን እንደነበረች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ኪሱ ውስጥ ቀበሮው ሁልጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ጠርተውት የማይሰማ ሰው ስትል ምን ማለቷ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ ወረፋ አብረው ቆመው እንደጠራችውና እንዳልሰማት፣ ከዚያም በመጨረሻ ወደሷ ዞሮ «ነይ ያዥው፣ ላሳይሽ» እንዳላት፣ ይህ ሁሉ አውራ ጣቷ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ሌላ ሌላውን ሳነብ።

አምስት መቶ አለፈ። መስተዋቱ እንደገና መደብዘዝ ጀመረ፤ የፀሐዩ ሙቀት አልቆበታል። እሷ ጎንበስ አለች።

ዳገቱ ላይ የተሰማ ድምፅ ቢኖር ኖሮ እንኳ አንሰማም ነበር። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ከፍ አድርጋ ስለምትከፍተው አልጮኸም። የሰንበቴ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። የአክስቴ ልጅ ብድግ ሲል በእጇ ተው አለችው። ዓይኗ ከጎረቤታችን ልጅ ላይ አልተነሣም።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ እናንተ ሴቶች» አለች ልጅቱ፣ ማንም መግባቱን ሳታውቅ።

ነጠላዋን የያዘችበት የእናቴ እጅ ላላ፤ ዳቦው ወደ ክንዷ ተንሸራተተ፤ ያዘችው።

አምስት መቶ ሰባ ምናምን ላይ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከዚያ ቅርጫቱ። ቀበሮው ትንሽ ቆየ፤ እሱም ጠፋ። ባዶ መስተዋት ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ ቁልፎቹን ደጋግማ ተጫነች፣ በቀሚሷ አሸችው፣ ነፋችበት። ቀና ስትል እናቴን አየች።

«እትዬ!» ዘላ ተነሣች። «ደህና ዋሉ…»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አለ የአክስቴ ልጅ፣ በአንድ ትንፋሽ። «ድንጋዩን ፀሐይ ላሙቅ ብዬ፣ ሸጋ የሠራሁ መስሎኝ፣ ቁጥሩ ጠፋ። እሷ ልትመልሰው ነበር። የአያ ቁጥር በኔ እጅ ጠፋ።»

እናቴ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ዳቦውን ፈታች፣ ለአራት ቆረሰችው። መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው። «ብላ» አለችው። «ፀሐይ ማሞቅ የወጉ ነው። እኔም ብሆን አሞቀው ነበር።»

ከዚያ ወደሷ ዞረች። «ስንት ደረሽ?»

«አምስት መቶ ሰባ… እንጃ እትዬ፣ ጠፋብኝ።»

«እሱም መጀመሪያ መጀመሪያ እዚያው ላይ ነበር የሚወድቀው። ይናደድ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?»

ልጅቱ «አዎ» አለች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው። ወንድሜ በዚህ ቤት አምስት መቶ ላይ ሲወድቅ እሷ በዚህ ቤት አልነበረችም፤ ያኔ ወደኛ መምጣት አልጀመረችም። ሁላችንም እናውቃለን። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

እናቴ ምንም እንዳልሰማች ሆና ዳቦ አቀበለቻት። ቀበሮውን ከእጇ ወሰደች፤ እንደ ማታው ቁልፏን ተጫነች። የለም። ባዶውን መስተዋት በአውራ ጣቷ ጠረገችው። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እንደገና የልጅቱን እጅ ሳበች፤ ቀበሮውን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

«ካንቺ ጋ ይቆይ።»

«ኧረ እትዬ! እንዴት ሆኖ! የርስዎ…»

«ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል? ድንጋይ ሲገኝ የቀረውን ትጨርሺዋለሽ። ባይገኝም እጅሽ አልረሳውም።»

እኔ አንድ ነገር ልናገር ፈለግሁ፤ ግጥም የሚባል ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በሕጉ መሠረት እኔም ተረታሁ።

«እኔ እንኳ» አለች ልጅቱ፣ ቀበሮውን እያየች፣ «አንደኛ የምለው ገበጣን ነው፣ እትዬ። አሁንም።»

«በይ» አለች እናቴ። «ሲመጣ ከራሱ ጋር ትሟገችዋለሽ። ይኼኛው ጠበቃ አልቻለሽም።»

የጎረቤታችን ልጅ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ነጠላዋን ተከናንባ ቀበሮውን ከሥሩ ያዘች፣ ዳቦዋን በሌላው እጅ። በሩ ጋ ስትደርስ ዳቦውን በጥርሷ ነከስ አደረገች፤ በነጻው እጇ መዝጊያውን ጨብጣ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከፍ አድርጋ ያለ ድምፅ ዘጋችው።